ሃይማኖት የሌለው የጎጃም መራጭ ፓርቲን በምን ይመዝን?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ከአክስቴ ልጅ ቤት በረካው ተጠጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ልጁ በሩን ገርበብ አደረገና «አያ፣ እኔ እንደማላምን ከዘመድ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው የትኛውን ፓርቲ ቢመርጥ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። መምህር ነው፤ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አላለፈም። እኔ ራሴ ፈጣሪ «አለ» ብዬም «የለም» ብዬም ለመማል ከማይደፍሩት ወገን ስለሆንሁ ጥያቄው የእኔም ነበር፤ የዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ግን ከስሜት ያለፈ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሕገ መንግሥቱን መልሼ አንብቤ፣ ፓርቲዎቹ የተናገሩትንና የሠሩትን አነጻጽሬ ያደራጀሁት ይህ ነው። የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም፤ ለማንም ድምፅ አልቀሰቅስም።

በዚህ ጽሑፍ ኢአማኒ የምለው ፈጣሪ የለም ብሎ የደመደመውን ነው፤ ተጠራጣሪ የምለው ደግሞ መኖር አለመኖሩን ማወቅ አይቻልም ወይም አላውቅም የሚለውን ነው። በሐሳብ ይለያያሉ፤ ከመንግሥት የሚፈልጉት ግን አንድ ስለሆነ አብሬ አያቸዋለሁ።

የውጭው ቁጥር ለምን አይበቃንም

የማያምኑ ሰዎች ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ በብዛት የተጠናው በአሜሪካ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከተመዘገቡት ኢአማኒ መራጮች 84 በመቶው፣ ከተጠራጣሪዎቹም 78 በመቶው የዴሞክራቶች ደጋፊ ናቸው ወይም ወደዚያ ያዘነብላሉ፤ «ይህ ነው የምለው ሃይማኖት የለኝም» ብቻ ከሚሉት ግን እንደዚያ ያሉት 62 በመቶ ናቸው። ይኸው ተቋም ከ10 ዓመት በፊት በ2014 ባደረገው ጥናት በኢአማንያኑ ዘንድ የነበረው ድርሻ 69 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የነጭ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ከሪፐብሊካን ፓርቲ ጋር ተጣምሮ ውርጃንና በትምህርት ቤት የሚደረግ ጸሎትን የፓርቲ ጉዳይ ስላደረጋቸው፣ የማያምነው ሰው ወደ ሌላው ወገን ሄደ።

በእኛ አገር የፓርቲዎች ድንበር የተሠመረው በሃይማኖት ላይ አይደለም። ፓርቲዎቻችን የሚለያዩት በብሔር ጥያቄ፣ በፌደራል አወቃቀር፣ በመሬትና በሕገ መንግሥቱ ነው። ስለዚህ አንድ የብቸና ኢአማኒ ኢዜማን፣ ሌላው የቡሬ ኢአማኒ አብንን፣ ሦስተኛው ብልጽግናን ቢመርጥ አንዳቸውም እምነት አልባነታቸውን አልከዱም። ከአሜሪካው ቁጥር ተነሥቶ «ተራማጅ የሚመስለውን ምረጥ» የሚል ምክር ጎጃም ላይ የሚቆምበት መሬት የለውም።

ብዛታችንም በቁጥር አይታይም። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከምሥራቅ ጎጃም ነዋሪ ከ97 በመቶ በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በውጤቱ ሰንጠረዥም «ሃይማኖት የሌለው» የሚል ራሱን የቻለ ረድፍ የለም። የማይቆጠር መራጭ ደግሞ ፓርቲ አይፈልገውም፤ ማንም ዕጩ ስለ እኛ አንድ ቃል ሳይናገር የምርጫ ዘመቻውን ጨርሶ የሚሄደው ለዚህ ነው።

በጎጃም ይህ ቃል የተሸከመው ታሪክ

መስፈርት ከማውጣት በፊት አንድ ነገር መነገር አለበት። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ሃይማኖት ነበረች። ደርግ ሲመጣ ይህ ተሻረ፤ ነገር ግን መንግሥት ከቤተ ክርስቲያን እጁን አላነሣም፤ ይልቁንም እጁ በረታ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። እኒህ አባት የደብረ ኤልያስ ሰው ነበሩ። እንግዲህ «ሃይማኖት የለኝም» የሚል ቃል ደብረ ኤልያስ አካባቢ ሲነገር አዛውንቱ ጆሮ ላይ የሚደርሰው የፍልስፍና ሐሳብ ሆኖ ሳይሆን የገዛ ወገናቸውን የገደለ መንግሥት ድምፅ ሆኖ ነው። ይህን ሥጋት እኔ እንደ ጭፍንነት አላየውም። የማያምነው መራጭ ሊጠይቀው የሚገባው መንግሥት ሃይማኖትን እንዲጫን ሳይሆን ከማንም ሰው ሕሊና ደጃፍ እንዲርቅ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የእሱና የአዛውንቱ ፍላጎት ይገናኛል።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያውና ዋናው አንቀጽ 11 ነው። ሕገ መንግሥቱ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጹ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚያነበው የሚጠቅመውን ጎን ብቻ ነው። በጥር 2015 ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ 26 ጳጳሳትን ሲሾሙ ቅዱስ ሲኖዶስ መንግሥትን በጣልቃ ገብነት ከሰሰ፤ ምእመናንም ጥቁር ለብሰው የጠየቁት ይኸው አንቀጽ እንዲከበር ነበር። በታኅሣሥ 2012 ደግሞ ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ የጎጃም ሙስሊም የጠየቀው መንግሥት ለሁሉም እኩል እንዲቆም ነው። ስለዚህ አንድን ፓርቲ ስመዝን የማየው ስለ ኢአማንያን የተናገረውን አይደለም፤ ምንም አልተናገረምና። የማየው ቤተ ክርስቲያን ስትበደልና መስጊድ ሲቃጠል በሁለቱም ጊዜ በአንድ አንደበት የተናገረ መሆኑን ነው። ለብዙኃኑ ሲሆን የሚጮህ፣ ለጥቂቱ ሲሆን ዝም የሚል ፓርቲ ከጥቂቱም ጥቂት ለሆነው ለእኛ አይቆምም።

ሁለተኛው መስፈርት ፓርቲው ሰውን በግለሰብነቱ ወይስ በቡድን አባልነቱ ያያል የሚለው ነው። አንቀጽ 27 የእምነትን ነፃነት የሰጠው ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ የመረጠውን እምነት የመያዝ መብትም ያለመያዝን ያካትታል ብዬ እረዳለሁ። ማንነትን ከቡድን ብቻ የሚቀዳ ፖለቲካ ውሎ አድሮ «የእኛ ሰው ማለት ምን ዓይነት ሰው ነው?» ወደሚል ጥያቄ ይደርሳል፤ ጎጃም ላይ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ማተብን ይጨምራል።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ስለገባ፣ ይህ ትምህርት በክፍል ውስጥ ስለ መልካም ጠባይ ይሰጣል ወይስ ወደ ስብከት ያዘነብላል የሚለው የሚወሰነው በመምህሩና በወረዳው ነው።

አራተኛው ሠርግና ቀብር ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለጋብቻ ሕጉ መንገድ አለው። የ1992ቱ የፌደራል የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ያውቃል፤ ክልሉም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ለቀብር ግን እንዲህ ያለ መንገድ በብዙዎቹ ከተሞቻችን የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት አነስተኛ ከተማ ከአንድ ጡረተኛ ሰው ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሰውየው የንስሐ አባት አልነበራቸውም፤ ቤተ ክርስቲያን ከሄዱም ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አስከሬኑ ተገንዞ፣ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ቀባሪው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሞ ሳለ የት ይቀበሩ በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ወደ ደብሩ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይሄዳሉ። የሟች ሴት ልጅ አንድም ቃል ሳትናገር የድንኳኑን ገመድ በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተፈቀደና ካጥሩ ጥግ ያለ ፍትሐት ተቀበሩ። ደብሩ በራሱ ሥርዓት የራሱን ግቢ የመጠበቅ መብት አለው፤ የጎደለው ማዘጋጃ ቤቱ ለማንኛውም ዜጋ የሚሆን መቃብር አለማዘጋጀቱ ነው። የከተማ አስተዳደር የሚይዝ ፓርቲ ሊሠራው የሚችል፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

የመጨረሻው መስፈርት አቅም ነው። ምርጫችን በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ የሚያሸንፍበት ስለሆነ፣ ተበታትኖ የሚኖር ወገን ድምፁ ወደ መቀመጫ አይለወጥም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወሰዱ፤ የግል ዕጩዎችም 4 አገኙ።

አማራጮቹ ሲመዘኑ

ብልጽግና በኅዳር 2012 ከኢሕአዴግ አራት ድርጅቶች ሦስቱንና አጋር የነበሩ አምስት ፓርቲዎችን አዋሕዶ የተመሠረተ ነው። ሥልጣን ላይ ስለሆነ የሚመዘነው በጻፈው ሳይሆን በሠራው ነው። በ2012 ምክር ቤቱ ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት መስጠቱ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሰጥቶት የነበረውን ስፍራ ወደ እኩልነት ያቀረበ እርምጃ ነው፤ ይህን በበጎ እመዘግበዋለሁ። በሌላ በኩል የመሪው ንግግር «ፈጣሪ ኢትዮጵያን ይባርክ» ብሎ መዝጋትን ልማድ አድርጓል፤ በሰላምና በሥነ ምግባር ጉዳይም መንግሥት የሚያማክረው የሃይማኖት ተቋማትን ጉባኤ ስለሆነ፣ ከየትኛውም ተቋም ውጭ ያለ ዜጋ ወንበር የለውም። የመሪው አማኝነት ለእኔ ጥፋት አይደለም። ችግሩ በ2015ቱ የሲኖዶስ ጉዳይ እንደታየው፣ ጣልቃ ገብቷል የሚለው ክስ ከአማኞቹ ከራሳቸው መምጣቱ ነው። ሥራ ማስፈጸም የሚችል ግን እሱ ነው፤ የመቃብሩን ቦታ ነገ ሊሰጥ የሚችለው ከንቲባ ዛሬ የዚህ ፓርቲ ሰው ነው።

ኢዜማ በግንቦት 2011 ከሰባት ፓርቲዎች ውሕደት ወጣ፤ የያዘውም የዜግነት ፖለቲካንና ማኅበራዊ ፍትሕን ነው። በሁለተኛው መስፈርት ከሁሉም ይቀድማል፤ ዜጋን መነሻ የሚያደርግ ሐሳብ የማያምነውን ሰው ለማስገባት በሩን ማስፋት አያስፈልገውም፤ በሩ ቀድሞም ክፍት ነው። አደረጃጀቱን በምርጫ ወረዳ ላይ መመሥረቱም ዕጩን በቅርብ ለመጠየቅ ያመቻል። ሆኖም በወቅቱ የፓርቲው መሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በመስከረም 2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ካቢኔ ስለገቡ፣ በትምህርት ቤት መስፈርት ኢዜማን እንደ ተቃዋሚ ብቻ መመዘን አይቻልም፤ ግብረ ገብ እንዴት እንደሚሰጥ ሲጠየቅ መልሱ ከእሱም ቤት ይፈለጋል። ጎጃም ገጠር ውስጥ የዜግነት ፖለቲካ ለገበሬው የመሬትና የማዳበሪያ ጥያቄ የቀረበ ቋንቋ አላገኘም የሚል አስተያየትም አለኝ።

አብን በሰኔ 2010 ባሕር ዳር የተመሠረተ የአማራ ብሔርተኛ ፓርቲ ነው። ጎጃም ላይ የሰውን ልብ ያገኘ ፓርቲ ስለሆነ በጥንቃቄ ላየው እወዳለሁ። ጥንካሬው ሕዝቡ ስለ ሕልውናው ያለውን ሥጋት በቀጥታ መናገሩ ነው፤ የማያምን የጎጃም ሰው በአማራነቱ ከተፈናቀለ እምነት አልባነቱ አያድነውምና ይህ ሥጋት የእሱም ነው። ፓርቲው ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ከሚጠይቁት አንዱ ስለሆነ ግን መራጩ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ሲሻሻል አንቀጽ 11ና 27 እንዳሉ ይቆያሉ ወይ? ማንነትን ሲተረጉም ሙስሊሙን የሞጣ ነጋዴ ሙሉ አማራ አድርጎ የሚቀበል ብሔርተኝነት እኔንም ይቀበላል፤ ከቤተ ክህነት ታሪክ ብቻ የሚቀዳ ከሆነ ግን ውጭ ያስቀረኛል። በፓርቲው ውስጥ ሁለቱም ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ስለዚህ ወሳኙ ዕጩው ነው። የዚህ ፓርቲ ሊቀመንበር የነበሩት አቶ በለጠ ሞላም በዚያው ካቢኔ ሚኒስትር ሆነዋል።

ወግንና እሴትን በፕሮግራማቸው ፊት የሚያስቀምጡ አነስተኛ ፓርቲዎችም አሉ። ሙስናን በመቃወም ጽኑ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለኢአማኒ መራጭ ግን በሦስተኛውና በአራተኛው መስፈርት ዝቅተኛ ቦታ ይይዛሉ።

የግል ዕጩ በመስፈርት ሊመዘን የሚችለው በስሙ ብቻ ነው። አካባቢው የሚያውቀው ቅን ሰው ከሆነ በቀብርና በትምህርት ቤት ጉዳይ ከየትኛውም ፓርቲ የተሻለ ሊያደምጥ ይችላል፤ በምክር ቤት ግን ብቻውን ነው።

| መስፈርት | ብልጽግና | ኢዜማ | አብን | ወግ አጥባቂዎች | የግል ዕጩ |
|---|---|---|---|---|---|
| አንቀጽ 11 በሁለቱም በኩል | በጽሑፍ ይቀበላል፤ በተግባር ተከሷል | ጠንካራ | ማሻሻያው ላይ መጠየቅ አለበት | ደካማ | በሰውየው ይወሰናል |
| ግለሰብ ወይስ ቡድን | መካከለኛ | ግለሰብ | ቡድን | ማኅበረሰብ | በሰውየው ይወሰናል |
| ትምህርት ቤት | ኃላፊነቱ የእሱ ነው | ኃላፊነቱን ይጋራል | ግልጽ መልስ መጠየቅ አለበት | ደካማ | ማሳመን ይቻላል |
| ጋብቻና ቀብር | ማድረግ ይችላል፤ አልጀመረም | ሐሳቡ ይመቻል | በዕጩው ይወሰናል | ደካማ | ማሳመን ይቻላል |
| የመፈጸም አቅም | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ፣ ጎጃም ላይ ግን ተሰሚ | በጣም ዝቅተኛ | በጣም ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው ይስማማል

አለማመኑን ከቤተሰቡ የደበቀ ሰው ሊከፍለው የሚችለው ዋጋ ትንሽ ነው፤ እንዲከፍልም አልመክርም። ድምፅ በምሥጢር የሚሰጠው ለእንዲህ ያለው ሰው ጭምር ነውና የወደደውን መርጦ ዝም ማለት መብቱ ነው። ከሁሉ በላይ የሕሊና ነፃነት የሚያሳስበውና መቀመጫ ባይገኝም ሐሳቡ እንዲቆጠር የሚፈልግ ሰው ከኢዜማ ይጀምር። የአማራው ሕልውና ከእምነቱ ጥያቄ የሚበልጥበት ሰው አብንን ይመርምር፤ ብዙ የጎጃም ኢአማኒ እዚህ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ ቅድሚያ አሰጣጡም ስሕተት አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤት ያለ፣ ወይም በዕድሜ የገፋና የቀብሩ ነገር የሚያስጨንቀው ሰው ከፓርቲው ይልቅ የወረዳውን ዕጩ ይምረጥ፤ ከገዢው ፓርቲም ቢሆን።

አለማመኑን በይፋ የሚናገር ሰው የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 ያንብብ፤ የሃይማኖት ሰላምንና ስሜትን መንካት ያስቀጣል፤ አላምንም ማለትና የሌላውን አምልኮ ማዋረድ የሚለያዩበትን መስመርም ይጠንቀቅ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት በስብሰባ ላይ ተነሥቶ መናገርን አደገኛ አድርጎታል። ከአደባባይ ይልቅ ዕጩውን ለብቻው ማናገር ይሻላል።

ለአክስቴ ልጅ ሦስት ጥያቄ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ሞጣም ሲኖዶሱም ሲነካ ምን አልህ? ግብረ ገብ በወረዳችን ትምህርት ቤት እንዴት ይሰጥ? ማዘጋጃ ቤቱ የሁሉ የሆነ መቃብር እንዲኖረው ታደርጋለህ? ሦስተኛውን እኔ በ2013 ለአንድ ዕጩ አቅርቤው ነበር። ሰውየው ነጠላውን እያስተካከለ ትንሽ ዝም አለና «ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ፤ ግን ሰው መሬት ላይ መቅረት የለበትም፤ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ካርታውን አያለሁ» አለኝ። በሳምንቱ ደውሎ ከወንዙ ማዶ ለመቃብር የተያዘ፣ ማንም ያልጠየቀበት ቦታ በፕላኑ ላይ እንዳለ ነገረኝ። ድምፄን የሰጠሁት ለእሱ ነው።